ሳይሰማ ያልፈረደው ንጉሥ፦ ፍርሃትና ጥንቃቄ በነጃሺ ሕይወት

የረመዷን ማምሻ ለብዙ ቤተሰብ የምክር ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቁ፣ እርሻውና ትምህርት ቤቱ የበታተናቸው የቤቱ ሰዎች በአፍጥር ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ቴምሩ ተቀምሶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ከቀረበ በኋላ ጨዋታው ቀስ እያለ ወደ ኑሮ ይዞራል። እንጅባራ ላይ ከብርዱ ሸሽቶ በከሰል ምድጃ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብም ሆነ ዳንግላ ላይ ሱቁን ዘግቶ የገባ ነጋዴ የሚያነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ልጃችን የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው፤ እንላካት ወይስ ትቅር? ከዘመድ ተበድረን ሱቁን እናስፋ? ማሳውን በሙሉ ዲከረንስ እንትከልበት ወይስ ለገብስና ለድንች እናስቀር? ታናሽ ወንድማችን ዓረብ አገር ካልሄድኩ ብሏል፤ ምን እንበለው?

እንዲህ ባለው ምክር መካከል ቆይ እስቲ የሚል ድምፅ አይጠፋም። አንዳንዴ ያ ድምፅ የጥንቃቄ ነው፤ ቤተሰቡን ከጥፋት ያድናል። አንዳንዴ ደግሞ የፍርሃት ነው፤ መልካሙን ዕድል ያስመልጣል፣ ሲብስም ሰውን ያስበድላል። ችግሩ የሁለቱ ቃል አንድ መሆኑ ላይ ነው። ፈሪ የሆነ ሰው ራሱን ፈሪ አይልም፤ ጠንቃቃ ነኝ ነው የሚለው።

የአዊ ሰው ይህን ልዩነት ከፈረሱ ያውቀዋል። አዊ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው፤ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የቆየው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ፈረስ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥሩ ፈረሰኛ ወዲያው አይገርፈውም፤ ወዲያውም ፊቱን አዙሮ አይመለስም። የዛፍ ጥላ አስደንብሮት ከሆነ አንገቱን እየዳበሰ ያሳልፈዋል። ከፊቱ ረግረግ ካለ ግን ወርዶ መሬቱን ይፈትሻል፣ ሌላ መሻገሪያም ይፈልጋል። በሁለቱም ጊዜ ፈረሱ የሚቆመው አንድ ዓይነት አቋቋም ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው መሬቱ ሲታይ ነው።

እኛም በዛሬው የረመዷን ገጻችን ይህን ጉዳይ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ልናየው መርጠናል። ሰውየው የአገራችን ንጉሥ ነው፤ ሙስሊሞች ነጃሺ እያልን የምናስታውሰው አስሐማ። የልጅነት ታሪኩን ያስተላለፉልን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው። ስደተኞቹን የተቀበለበትን ታሪክ ደግሞ በአገሩ በስደት የኖሩት፣ በኋላም የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት የሆኑት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው የነገሩን። ሁለቱም በኢብን ኢስሐቅ የሲራ መጽሐፍ ተመዝግበው ይገኛሉ።

ፍርሃት የሸጠው ልጅ

የአስሐማ አባት ንጉሥ ነበር። ከአስሐማ ሌላ ልጅ አልነበረውም። የንጉሡ ወንድም ግን የአሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። ንጉሡ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ዙፋኑ ባለቤት ያጣል፣ አገሩም ይበጠበጣል ብለው ሰጉ። የወንድምየው አሥራ ሁለት ልጆች ግን መንግሥቱን ለረጅም ዘመን ሊያቆዩት እንደሚችሉ አሰቡ። በዚህ ሐሳብ ተስማምተው ንጉሡን ገደሉትና ወንድሙን አነገሡ።

ይህን ምክር ከውጭ ለሚያየው ሰው አርቆ ማሰብ ይመስላል። የነገን ማሰብ፣ የአገርን ደኅንነት ማስቀደም ይመስላል። ነገር ግን ሰዎቹ ያልመጣን ክፉ ነገር ለመከላከል ሲሉ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ክፉ ነገር ፈጸሙ። ሊመጣ የሚችለው ሁከት ግምት ነበር፤ የፈሰሰው ደም ግን ግምት አልነበረም።

ሕፃኑ አስሐማ በአጎቱ ቤት አደገ። አስተዋይና ብልህ ሆኖ ስለወጣ አጎቱ ወደደው፤ ያለ እሱ ምክርም ነገር አይወስንም ነበር። ይህን ያዩት የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዳግመኛ ፈሩ። ይህ ልጅ ከነገሠ የአባቱን ደም ከእኛ ይፈልጋል ብለው አጎቱ እንዲገድለው ጠየቁ። አጎቱ ትናንት አባቱን ገድለው ዛሬ ልጁን ለመግደል መጠየቃቸው ከበደው፤ ቢሆንም ከአገር እንዲወጣ ተስማማ። ልጁን ወደ ገበያ አውጥተው ለአንድ ነጋዴ በ600 ድርሃም ሸጡት። ነጋዴውም በጀልባ ይዞት ሄደ።

በዚያው ዕለት ማምሻውን ሰማዩ ደመና ቋጠረ። አጎቱ ዝናቡን ሊያይ ወጣ፤ መብረቅ መታውና ሞተ። ሰዎቹ ወደ አሥራ ሁለቱ ልጆች ሮጡ። ከመካከላቸው አገር ለመምራት የሚበቃ አንድም አላገኙም። ንጉሥ ያስገደላቸው ያ ቁጥር ባዶ ሆኖ ተገኘ። አገሩ ሲታወክባቸው የሚያድናቸው ጠዋት የሸጡት ልጅ ብቻ መሆኑ ገባቸው። ነጋዴውን ተከትለው ደርሰው ልጁን ነጠቁትና መልሰው ዘውድ ጫኑለት፤ ለነጋዴው ግን ገንዘቡን አልመለሱለትም።

ነጋዴው ወደ አዲሱ ንጉሥ ዘንድ ገብቶ አቤት አለ። አስሐማም ከሁለት አንዱ እንዲፈጸም ፈረደ፤ ወይ የነጋዴው ገንዘብ ይመለስለት፣ ወይ የገዛው ልጅ እጁ በነጋዴው እጅ ላይ ይደረግና የትም ይውሰደው። የተሸጠው ልጅ ንጉሡ ራሱ ነበር። ሰዎቹም 600ውን ድርሃም ከፈሉ። የፍትሕ ንጉሥ የሚለው ስሙ የጀመረው ከዚህ ፍርድ ነው።

ከዚህ የልጅነት ታሪክ የፍርሃትን መልክ እናገኛለን። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ወሰኑ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉዳዩ የሚነካውን ሰው አልጠየቁም። ልጁ በእርግጥ ቂም ይዞ እንደሆነ ያጣራ አልነበረም። የውሳኔያቸውን ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ መጀመሪያ አባትየው፣ ቀጥሎ ልጁ። ሁለተኛው ፍርሃት የተወለደውም ከመጀመሪያው ነው፤ አባቱን ባይገድሉ ኖሮ ልጁን የሚፈሩበት ምክንያት አይኖራቸውም ነበር።

የሚሄዱበትን ያወቁ ስደተኞች

አስሐማ ነግሦ ሳለ ከባሕር ማዶ በመካ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮች መከራ ላይ ነበሩ። ሱመያ (ረ.ዐ) በእምነቷ ምክንያት ተገድላለች፤ የሐበሻ ዘር ያለው ቢላል (ረ.ዐ) በጋለ አሸዋ ላይ ተጥሎ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ተጭኖበታል። በነቢይነት አምስተኛው ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሄዱ መከሯቸው። ምክንያቱንም ነገሯቸው፤ በዚያ ማንም ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ። በመጀመሪያው ጉዞ አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ወጡ። ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ከእነሱ መካከል ነበሩ። ቁረይሾች እስከ ባሕሩ ዳርቻ ተከተሏቸው፤ ሲደርሱ ግን ጀልባዎቹ ተነስተው ነበር።

ይህ ስደት ፍርሃት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሰዎቹ የሸሹት ጥላ አልነበረም፤ መከራውን በገላቸው አይተውታል። ከሁሉ በላይ ግን የሚሸሹትን ብቻ ሳይሆን የሚሄዱበትንም ያውቁ ነበር። የአገሩ ገዥ ማን እንደሆነ፣ ቢበደሉ ማን እንደሚፈርድላቸው ሰምተው ነው የተነሱት። እምነታቸውንም ለመጠበቅ ሄዱ እንጂ እምነታቸውን ጥለው አልሄዱም።

ዛሬ ከአካባቢያችን በደላላ ወሬ ብቻ የሚነሳ ወጣት አለ። አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ድንበሩን በየት እንደሚሻገር፣ ቢጎዳ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ በሕጋዊ መንገድ፣ ውል ይዞ፣ የሚቀበለው ዘመድ ኖሮት ልሂድ የሚለውን ልጅ በደፈናው የሚከለክል ቤተሰብ አለ። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ጎድሎታል፤ ሁለተኛውን ፍርሃት ይዞታል። መካከለኛው መንገድ ሶሓቦች ያደረጉት ነው፤ የሚሄዱበትን ጠይቆ ማወቅ።

የነሱም ጉዞ እንከን አላጣውም። ሐበሻ ብዙም ሳይቆዩ ቁረይሾች ሰለሙ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ደስታው አስነስቷቸው ወደ መካ ተመለሱ። ከተማዋ አጠገብ ሲደርሱ ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ይህም ለኛ ቤት ትምህርት አለው፤ ማጣራት የሚያስፈልገው ለክፉ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ልባችን የሚመኘው መልካም ወሬም ይጣራል። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ጉዞ ከ80 የሚበልጡ ወንዶችና ብዙ ሴቶች ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የተሰደደውም ከእነዚህ ጋር ነው።

ስጦታው እና ጥያቄው

ቁረይሾች ስደተኞቹ በሰላም መኖራቸው አላስደሰታቸውም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን መልእክተኛ አድርገው ላኩ። መልእክተኞቹ የሐበሻ ሹማምንት የሚወዱትን የመካ የለፋ ቆዳ ተሸክመው መጡ። ንጉሡን ከማየታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሹምና የሃይማኖት አባት ስጦታውን አደረሱ፤ አንድ ነገርም ለመኑ። ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ ምክር ስጡልን አሉ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን መልእክተኞቹ ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል እንዳይሰማ የሚጠሉትን ያህል የጠሉት ነገር አልነበረም።

ችሎቱ ተሰየመ። መልእክተኞቹ ተናገሩ፤ ስጦታ የተቀበሉት ሹማምንትም ደገፏቸው። ለንጉሡ የቀረበለት ምክር የጥንቃቄ ምክር ይመስል ነበር። መካ የንግድ ወዳጅ ናት፤ ሰዎቹ የማይታወቅ ሃይማኖት ይዘው የመጡ እንግዶች ናቸው፤ የገዛ ወገኖቻቸውም ይፈልጓቸዋል። ፍርሃት ቢመራው ኖሮ እነሱን አሳልፎ መስጠት ቀላሉ መንገድ ነበር።

አስሐማ ተቆጣ። ከሌላው ንጉሥ ይልቅ እሱን መርጠው ጥላው ስር የተጠጉትን ሰዎች ሳይጠራና ሳይጠይቅ እንደማይሰጥ ተናገረ። ልብ እንበል፤ አልሰጥም ብሎም አልጨረሰም። የተባለው ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘ ለመስጠት፣ ካልሆነ ግን ለመጠበቅ ወሰነ። ለመልእክተኞቹም ለስደተኞቹም እኩል ጆሮ ሰጠ። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። በልጅነቱ ማንም ሳይጠይቀው የተሸጠው ሰው፣ ሥልጣን ሲይዝ ሳይጠይቅ ማንንም አሳልፎ አልሰጠም።

ጥሪው ለስደተኞቹ ሲደርስ እነሱም ተሰብስበው መከሩ። ንጉሡ ፊት ምን እንበል ተባባሉ። ሊፈሩ የሚችሉበት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ አንድ ቃል ቢሳሳቱ ተጠርዘው ወደ መካ ሊመለሱ ይችላሉ። የተስማሙት ግን የመጣው ይምጣ፣ የምናውቀውንና ነቢያችን ያዘዙንን እንናገራለን በሚለው ነው። ይህን የሚናገርላቸው ደግሞ ማን እንደሆነ ለዩ፤ ንግግር የሚያውቀው፣ የተረጋጋው ጃዕፈር። እውነቱን አልሸራረፉም፤ አቀራረቡን ግን በደንብ አሰቡበት።

ጃዕፈር በችሎቱ ፊት ቆሞ ከእስልምና በፊት የነበሩበትን ሁኔታ፣ ደካማው በብርቱው ይበላ እንደነበር፣ ነቢዩም እውነት መናገርን፣ አደራ መጠበቅን፣ ዝምድና መቀጠልን እንዳስተማሯቸው አስረዳ። ንጉሡ ከመጣላቸው ነገር የሚያስታውሰው ካለ እንዲያሰማው ጠየቀው። ጃዕፈርም የመርየምን ሱራ መክፈቻ ቀራ። ንጉሡ ጺሙ በእንባ እስኪርስ አለቀሰ፤ አጠገቡ የነበሩት የሃይማኖት አባቶችም አለቀሱ። ስደተኞቹን እንደማይሰጥም አስታወቀ።

ዐምር በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ተመልሶ ገብቶ ስደተኞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደዚያ ዓይነት ጭንቅ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ይናገራሉ። ስደተኞቹ እንደገና መከሩ፤ እንደገናም እውነቱን ለመናገር ተስማሙ። ጃዕፈር ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሏ መርየም የጣለው ቃሉ መሆናቸውን መሰከረ። ነጃሺ ከመሬት ስንጥር አንስቶ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚያችን ያህል እንኳ እንደማይሆን ተናገረ። ሹማምንቱ ቢያጉረመርሙም ስጦታው ሁሉ እንዲመለስ አዘዘ፤ አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ከእሱ ጉቦ እንዳልተቀበለና እሱም ጉቦ እንደማይቀበል ተናገረ።

ጀልባዎቹ

የነጃሺ ጥንቃቄ በጉልህ የሚታየው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከወገኖቹ አንዳንዶቹ ሃይማኖታችንን ትቷል ብለው ተነሱበት። ጦር ሊገጥም ነው። ወደ ጦሩ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጃዕፈርና ጓደኞቹ ላከ፤ ጀልባዎችም አዘጋጀላቸው። ጀልባው ላይ ሆነው እንዲጠብቁ፣ ከተሸነፈ ወደሚፈልጉበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፈ ግን በሰላም እንዲቀመጡ ነገራቸው። ሊሸነፍ እንደሚችል አልካደም። መሸነፍን ስለፈራ ግን እንግዶቹን አስቀድሞ አላባረረም። ሁለቱንም አሰበ፤ ለሁለቱም ተዘጋጀ።

ከዚያ በወረቀት ላይ ምስክርነቱን ጻፈ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚያምነውንም ጻፈበት። ወረቀቱን ከልብሱ ስር በቀኝ ትከሻው በኩል አድርጎ ወጣ። ሰዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። አስተዳደሩ እንዴት እንደነበር ጠየቃቸው፤ መልካም እንደነበር መሰከሩ። ታዲያ ምን አጠፋሁ አላቸው፤ ስለ ዒሳ የምትለው ከኛ ተለይቷል አሉት። እሱም እነሱ የሚሉትን ከጠየቃቸው በኋላ እጁን ወረቀቱ ባለበት ልብሱ ላይ አሳርፎ የዒሳ ነገር ከዚህ እንደማያልፍ ተናገረ። እነሱ የነሱን ቃል የተቀበለ መሰላቸው፤ እሱ ግን የጻፈውን ማለቱ ነበር። ሰዎቹ ረክተው ተበተኑ፤ ደምም አልፈሰሰም።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህስ ፍርሃት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚህች ሰዓት ፈሪም ጠንቃቃም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ነውና። መልሱን የምናገኘው ከፊትና ከኋላ ያደረገውን ስናይ ነው። ይህ ሰው እውነቱን ተናገር በተባለበት ችሎት ሹማምንቱ እያጉረመረሙ በግልጽ ተናግሯል፤ ስጦታውንም መልሷል። ወደ ጦሩ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ያዳነው ራሱን አይደለም፤ ጀልባዎቹን ያዘጋጀው ለእንግዶቹ ነበር፤ እሱ ግን ሰይፍ ወደታጠቁት ሰዎች ሄደ። ቃሉን የመረጠውም የወንድማማቾች ደም እንዳይፈስ ነው። የአባቱ ገዳዮች ራሳቸውን ለማዳን ሌላውን ከፈሉ፤ እሱ ሌላውን ለማዳን ራሱን አቀረበ።

በሌላ ጊዜም አንድ ተቀናቃኝ በንጉሡ ላይ ተነስቶ ጦርነት ሆነ። ስደተኞቹ ንጉሡ ከተሸነፈ መብታቸውን የማያውቅ ገዥ እንዳይመጣባቸው በጣም ፈሩ። ነገር ግን ፍርሃቱ እጅና እግራቸውን አላሰረውም። ዱዓ አደረጉ፤ ወሬውን አጣርቶ የሚመጣ ሰውም ፈለጉ። በዕድሜ ወጣት የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) እኔ እሄዳለሁ አለ። ስልቻ ነፍተው ሰጡት፤ እሱን ደረቱ ላይ አስሮ ወንዙን በዋና ተሻገረ። ትረካው ወንዙን በዐባይ ስም ይጠራዋል፤ ከግሽ ዐባይ ተነስቶ ወደ ጣና የሚወርደውን ግልገል ዐባይ በክረምት ያየ አንባቢ የዋናውን ክብደት ይገምተዋል። ዙበይር የንጉሡን ድል አይቶ ልብሱን እያውለበለበ ተመለሰ። መፍራታቸው ነውር አልነበረም። መርምረው እንዲያውቁ አደረጋቸው እንጂ አልወሰነላቸውም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በሒጅራ 7ኛው ዓመት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደብዳቤ ለነጃሺ ደረሰ። ባሏ በስደት የሞተባትን ኡሙ ሐቢባን (ረ.ዐ) ለነቢዩ የዳረውና 400 ዲናር መህሯን ከራሱ የከፈለው እሱ ነው። የቀሩትን ስደተኞችም በሁለት መርከቦች አሳፍሮ ሸኛቸው፤ ጃዕፈርና ጓደኞቹ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ፣ በ628፣ ነቢዩ ጋር ደረሱ። ቆዳ ተሸክሞ ሊያስመልሳቸው የመጣው ዐምር ኢብኑል ዓስም ከዓመታት በኋላ እንደገና ወደ ነጃሺ መጥቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ንጉሡ መከረው፤ ዐምርም ልቡ ተለውጦ ወደ መዲና ሄደና ሰለመ።

ነጃሺ በሒጅራ 9ኛው ዓመት በረጀብ ወር አረፈ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሞቱን ዜና በዚያው ቀን ለሶሓቦች ነገሯቸው፤ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው፣ በአራት ተክቢራ ሩቅ ላለው ወንድማቸው ሰገዱበት። ከዐይን ርቆ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት መነሻው ይህ ንጉሥ ነው። በትግራይ ከውቅሮ በስተሰሜን የምትገኘው ነጋሽም እስከዛሬ ስሙን ይዛ ትኖራለች።

ለቤታችን የሚተርፈው

ረመዷን የተደነገገው ተቅዋን እንድናገኝ ነው። ተቅዋ ብዙ ጊዜ ፍራቻ ተብሎ ይተረጎማል፤ የቃሉ ሥር ግን ራስን መጠበቅን፣ መከለልን ያመለክታል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ስለ ተቅዋ ሲጠይቁ ዑበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ) እሾህ በበዛበት መንገድ ሄደው ያውቁ እንደሆነ መልሰው እንደጠየቋቸው ይነገራል። ዑመርም ልብሳቸውን ሰብስበው፣ እየተጠነቀቁ እንደሚራመዱ ሲመልሱ ተቅዋ ያ ነው ተባሉ። እሾሁን አይተው መንገዱን አልተዉትም፤ እሾሁን እንደሌለ ቆጥረውም አልሮጡበትም።

እንግዲህ በየቤታችን ቆይ እስቲ የሚል ድምፅ ሲነሳ ከነጃሺ ሕይወት ሦስት ጥያቄዎችን መውሰድ እንችላለን። መጀመሪያ፣ አጣርተናል ወይ? ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የሚነካውን ሰው ጠይቀናል ወይ? ሦስተኛ፣ የውሳኔያችንን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

የዲከረንሱን ጉዳይ እናንሳ። በአካባቢያችን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል እየደረሰ ብዙ ቤተሰብ አሻሽሏል። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ጎዳ። ስለ በሽታው የሰማ አንድ ገበሬ ከእንግዲህ ምንም ዛፍ አልተክልም ሊል ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ወሬውን ትቶ ያለውን መሬት በሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። የነጃሺን መንገድ የሚከተለው ግን የግብርና ባለሙያውንም፣ ማሳው የተጎዳበትን ጎረቤትም ይጠይቃል፤ ተክሎም ለገብሱና ለድንቹ ቦታ ያስቀራል። ይህ እንደ ጀልባዎቹ ነው፤ ቢሳካም ባይሳካም ለልጆቹ የሚሆን አለው።

ወደ ልጅቱ ትምህርት እንመለስ። ሩቅ ነው፣ ዘመኑ ክፉ ነው ብሎ ማስቀረት ለወላጅ ይቀላል፤ ጭንቀቱ ወዲያው ይወርድለታል። ዋጋውን ግን የምትከፍለው ልጅቱ ናት፤ የምትከፍለውም በዕድሜ ልኳ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ አስጊ የሆነበት፣ ማደሪያው ያልተዘጋጀበት ጊዜ አለ። እንዲያ ከሆነ ስጋቱ በስም ይጠራ፤ ከተማው የሚታወቅ ዘመድ አለ ወይ፣ ቀድመው የሄዱ የሰፈር ልጆች ምን ይላሉ፣ መንገዱስ ዛሬ እንዴት ነው ተብሎ ይጠየቅ። ተጣርቶ መሄዱ የማይሆን ከሆነ እዚሁ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማርበት መንገድ ይፈለግ፤ ወይም ዓመቱን አቆይቶ መላክ ይታሰብ። ተመርምሮ የተባለ አይሆንም ጥንቃቄ ነው። ሳይጠየቅና ሳይታይ የተባለ አይሆንም ግን ልጁን ወደ ገበያ ካወጡት ሰዎች ምክር የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው ሲያበቁ ኢስቲኻራ ይሰገዳል፤ ከሽማግሌና ከሚያውቅ ሰው ጋር ይመከራል፤ ከዚያም ተወክሎ መንገድ መጀመር ነው። ግመልን ሳያስሩ መወከል እንደማይገባ ተምረናል። አስሮም ሲያበቃ ሌሊቱን ሙሉ ገመዱን እየነካካ የሚያድር ሰው ግን መወከሉን ረስቶታል።

ዛሬ ማታ ከተራዊህ በኋላ በቤታችሁ የሚመከርበት ጉዳይ ካለ አንድ ነገር እናሳስባችኋለን። ውሳኔው ከሁሉ በላይ የሚነካው የቤቱ ሰው ማን እንደሆነ ለዩ፤ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ትንሹ ነው። አባት፣ እናትና ታላላቆቹ ከመናገራቸው በፊት እሱ ወይም እሷ ቀድመው ይናገሩ። አስሐማ ያንን ዕድል ያገኘ ልጅ አልነበረም፤ ሲነግሥ ግን ለእንግዶቹ ሰጣቸው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ በየቤታችንም የሚያጣራ ጆሮና የሚወስን ልብ ይስጠን።